«ዘ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል የምትገባበትና የምትቀርበት ስፍራ

የሰው ንግግር እንደ ሚዛን ነው። በሚዛን ላይ አንዲት ፍሬ ስትጨመር ወይም ስትነሣ እንደሚያዘነብል፥ በንግግርም አንዲት ቃል ስትገባ ወይም ስትጎድል ነገሩ ወደ ሌላ ያዘነብላል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህን በብዙ ደም ተምሮታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተጻፈው ውል በ17ኛው ክፍል፥ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ሆኖ ሳለ፥ የኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ስለ ሆነ እንደ ግዴታ ተያዘ። ከዚህ የተነሣው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እስከ ሆነው እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ።

እንግሊዝኛም በዛሬው ዘመን መንግሥታት የሚዋዋሉበት፥ ነጋዴ የሚጻጻፍበት፥ በባሕር ማዶ ያለ ልጅ ስለ ደኅንነቱ የሚልክበት ቋንቋ ሆኗል። በዚህም ቋንቋ ከቃላት ሁሉ አብዝታ የምትነገረው አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ እርስዋም «ዘ» ናት። ተማሪዎች እርስዋን እንደ ጌጥ ቈጥረው አንዳንዱ በየስሙ ፊት ይለጥፋታል፥ አንዳንዱም ፈጽሞ ይተዋታል። ነገር ግን ጌጥ አይደለችም፤ መግባትዋም መቅረትዋም ትርጉም አለው። ስለዚህ መምህሩ ይህን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ድምፅዋና ስለ ስምዋ

የዚህች ቃል ድምፅ በፊደላችን በትክክል አይጻፍም። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ጥቂት ብቅ ሲል የሚሰማ ድምፅ ነው። ተከታዩ ቃል በአናባቢ ድምፅ ሲጀምር ደግሞ «ዚ» ተብላ ትነገራለች፤ «ዘ ቡክ» እንላለን፥ «ዚ ኦክስ» እንላለን። ለማንበብ እንዲቀል ግን ከዚህ በታች በሁሉ ስፍራ «ዘ» ተብላ ተጽፋለች።

የቅኔ ቤት ተማሪ የነበረ ሰው በግዕዝ ከሚያውቃት «ዘ» ጋር እንዳያደባልቃት ይጠንቀቅ። የግዕዟ «ዘ» በአማርኛ «የ» ማለት ናት፤ «መጽሐፍ ዘንጉሥ» ሲል «የንጉሥ መጽሐፍ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛዋ ግን ስሙ ለሰሚው የታወቀ መሆኑን ብቻ ታመለክታለች። በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ በሙያ አይገናኙም።

2ኛ፤ የነገሩ ሥር

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ አማርኛም የታወቀውን ካልታወቀው ይለያልና። «ገበሬው በሬ ገዛ» ቢባል፥ ሰሚው የትኛው በሬ እንደ ሆነ አያውቅም። «ገበሬው በሬውን ገዛ» ቢባል ግን፥ ተናጋሪውና ሰሚው አስቀድመው የተነጋገሩበት አንድ በሬ አለ። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «ዘ ፋርመር ቦት አን ኦክስ» ይሆናል፤ ሁለተኛው «ዘ ፋርመር ቦት ዘ ኦክስ» ይሆናል። አማርኛ ምልክቱን ከስሙ በኋላ ይቀጥላል፥ እንግሊዝኛ ከስሙ በፊት ያስቀድማል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው። ግዕዝም ለብቻው የቆመ እንዲህ ያለ ቃል ባይኖረው «ርእየ ንጉሠ» ከማለት ለይቶ «ርእዮ ለንጉሥ» ሲል፥ የታወቀውን ንጉሥ እንዳየው ያስረዳል።

እንግዲህ የነገሩ ሥር አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «የቱ?» የሚል ነው። ሰሚው «የቱ?» ሳይል የሚያውቀው ከሆነ «ዘ» ትገባለች። ሰሚው የሚያውቀውም በአራት መንገድ ነው። አንደኛ፥ አስቀድሞ የተነገረ ሲሆን፤ ከላይ እንደ ተገለጸው በሬ። ሁለተኛ፥ በዚያ ስፍራ ሌላ የሌለ ሲሆን፤ በአንድ ክፍል ተቀምጦ «ሻት ዘ ዶር» ያለ ሰው የትኛውን በር ዝጋ እንዳለ አይጠየቅም። ሦስተኛ፥ በዓለም አንድ ብቻ ሲሆን፤ እንደ ፀሐይና እንደ ጨረቃ። አራተኛ፥ ተከትሎ የመጣው ቃል ራሱ ለይቶ ሲያሳውቀው፤ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» እንደሚባለው ነው።

3ኛ፤ አማርኛ የሚያሳስትበት ስፍራ

አማርኛ በብዙ ቢረዳም በሦስት ስፍራ ተማሪውን ያሳስታል።

መጀመሪያ፥ በአማርኛ «ፀሐይ ወጣች» ይባላል እንጂ «ፀሐይዋ ወጣች» ማለት አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ሰን» ማለት ግድ ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ አንድ ነገር በጠቅላላው ሲነገር እንግሊዝኛ «ዘ»ን ይተዋል። «ውሃ ሕይወት ነው» ለማለት «ዋተር ኢዝ ላይፍ» ይበቃል፤ ስለ ውሃ ሁሉ ነውና። «የዚህ እንስራ ውሃ ደፍርሷል» ሲባል ግን ውሃው ተለይቷልና «ዘ ዋተር» ይባላል። ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በአማርኛ «ቤቱ» ሲባል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ የታወቀው ቤት፥ ሁለተኛው የእርሱ ቤት ማለት ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ለይቶ የመጀመሪያውን «ዘ ሃውስ»፥ ሁለተኛውን «ሂዝ ሃውስ» ይላል። ይህን ያልለየ ተርጓሚ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ «ልጁ ሞተ» የሚለውን ቃል መመልከት ይበቃል። «ዘ ቦይ» ብሎ ከተረጎመ፥ አንድ የታወቀ ልጅ ሞተ ማለት ነው። «ሂዝ ሰን» ብሎ ከተረጎመ ግን የአባትን መርዶ መናገሩ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ከመጻፉ በፊት የነገሩን ባለቤት ይጠይቅ።

4ኛ፤ ቤቱና የቤቱ ሥራ

በእንግሊዝኛ አንዳንድ የቤት ስሞች አሉ፤ «ዘ» ሳትገባ ሲነገሩ ቤቱን ሳይሆን በቤቱ የሚደረገውን ሥራ ያመለክታሉ። «ሂ ወንት ቱ ስኩል» ቢባል ሊማር ሄደ ማለት ነው። «ሂ ወንት ቱ ዘ ስኩል» ቢባል ግን ወደዚያ ወደታወቀው ቤት ሄደ ማለት ነው፤ ምናልባት ክፍያ ሊከፍል፥ ምናልባት ጣራ ሊጠግን ሄዷል። አማርኛም በዚህ ይስማማል። «ልጁ ትምህርት ቤት ገባ» ሲባል ተማሪ ሆነ ማለት ነው፤ «ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ» ሲባል ግን ደጁን አልፎ ገባ ማለት ነው።

እንደዚሁም «ቱ ቸርች» የሚለው ለጸሎት የሚሄደውን፥ «ቱ ዘ ቸርች» የሚለው ወደ ሕንፃው የሚሄደውን፥ ለምሳሌ አናጢውን ያመለክታል።

ይህ ልዩነት የሰውን ክብር እስከ መንካት ይደርሳል። አንድ አባት የታሰረ ጎረቤቱን ሊጠይቅ ስንቅ ይዞ ወደ ወህኒ ቤት ሄደ እንበል። ልጁም በባሕር ማዶ ላለ ወንድሙ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ፥ አባታችን ዛሬ በወህኒ ቤቱ ነው ለማለት አስቦ «ኢን ፕሪዝን» ብሎ ቢጽፍ፥ ወንድሙ አባቱ እንደ ታሰረ ተረድቶ በድንጋጤ ይወድቃል። «ኢን ዘ ፕሪዝን» ቢል ኖሮ አባቱ በዚያ ቤት ውስጥ መኖሩን ብቻ በተናገረ ነበር። ከዚህም ይልቅ «ሊጠይቅ ሄደ» ብሎ ግሡን ቢጨምር ነገሩ ፈጽሞ በተገለጠ ነበር።

ስለ ሆስፒታል ግን እንግሊዞችና አሜሪካኖች ይለያያሉ። እንግሊዞች ታሞ የተኛውን ሰው «ኢን ሆስፒታል» ይሉታል፤ ሊጠይቅ ወይም ሊሠራ የገባውን «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይሉታል። አሜሪካኖች ግን ለሁለቱም «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ። ስለዚህ በአሜሪካ ከሚኖር ዘመድ «ኢን ዘ ሆስፒታል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሽማግሌ፥ «ዘ» ገብታለችና ዘመዴ ጠያቂ እንጂ በሽተኛ አይደለም ብሎ አይደምድም፤ የቀረውን ቃል ይመርምር።

ይህ ሕግ ግን ለቤት ስም ሁሉ አይሆንም። ባንክና ፖስታ ቤት፥ ሰው ለዋና ሥራቸው ቢሄድም እንኳ፥ «ቱ ዘ ባንክ»፥ «ቱ ዘ ፖስት ኦፊስ» ይባላሉ። ወደ ቤት መሄድም «ጎ ሆም» ይባላል እንጂ «ቱ»ም «ዘ»ም አይገቡም። እነዚህ በልማድ የጸኑ ናቸውና እንደ ዜማ በጆሮ ይጠናሉ።

5ኛ፤ በአንዲት «ዘ» የሚገለበጡ ቃላት

«ኢን ቻርጅ ኦፍ» ማለት ኃላፊ ሆኖ መጠበቅ ነው። «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ማለት በሌላ ሰው ጥበቃ ሥር መሆን ነው። መምህሩ የልጆቹ ኃላፊ ነው ለማለት የመጀመሪያው ይጻፋል፤ ሁለተኛው ቢጻፍ ልጆቹ መምህሩን ይጠብቁታል የሚል ሆኖ ሥልጣኑ ይገለበጣል።

«ኢን ፖዘሽን ኦፍ» ማለት ባለ ይዞታ መሆን ነው፤ ሰውዬው መሬቱን ይዟል ሲባል በዚህ ይነገራል። «ኢን ዘ ፖዘሽን ኦፍ» ሲሆን ግን የተያዘው ነገር ይቀድምና መሬቱ በእገሌ እጅ ነው ይላል። ያዡንና የተያዘውን የምትለየው ያችው ትንሽ ቃል ናትና፥ የመሬት ነገር የሚጽፍ ሰው እጅግ ይጠንቀቅ።

«አውት ኦፍ ዘ ክዌስቸን» ማለት ፈጽሞ የማይሆን፥ የማይታሰብ ነገር ማለት ነው። በቀደሙት መጻሕፍት የሚገኘው «አውት ኦፍ ክዌስቸን» ግን የማያጠራጥር፥ እርግጥ የሆነ ማለት ነው። አንዱ ነገሩን ይዘጋል፥ ሁለተኛው ያጸናል።

6ኛ፤ ስለ አገርና ስለ ወንዝ ስሞች

የወንዝና የባሕር ስሞች «ዘ»ን ይወዳሉ፤ «ዘ ብሉ ናይል»፥ «ዘ አዋሽ»፥ «ዘ ሬድ ሲ» ይባላል። የሐይቅና የአንድ ተራራ ስሞች ግን አይቀበሏትም፤ «ሌክ ጣና»፥ «ማውንት ራስ ዳሽን» ይባላል። ተራሮች በብዛት ተያይዘው ሲጠሩ «ዘ ሲሜን ማውንቴንስ» ተብላ ትመለሳለች።

የአገር ስም አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» የለበትም፤ «ኢትዮጵያ»፥ «ኬንያ» ይባላል። ስሙ ግን ሪፐብሊክ ወይም መንግሥት በሚል ቃል ሲጀምር «ዘ» ትገባለች። የጋምቢያ መንግሥት ስሙን ከ«ዘ» ጋር ይጽፋል። ዩክሬንን ደግሞ ቀድሞ ብዙዎች «ዘ ዩክሬን» ይሏት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ግን «ዘ» እንድትቀር ጠየቀች፤ «ዘ» ስትገባ የአንድ ትልቅ መንግሥት ክፍለ አገር እንጂ ራሷን የቻለች አገር አታስመስላትምና ነው። ዛሬ መንግሥታትና ጋዜጦች ያለ «ዘ» ይጽፏታል። እንግዲህ የአንዲት ቃል መቅረት የአገርን ነጻነት ለማክበር ምልክት ሆነ ማለት ነው።

7ኛ፤ በ«ዘ» አለመኖር የተነሣ የመንግሥታት ክርክር

ከግንቦት 28 እስከ ሰኔ 3 ቀን 1959 ዓ.ም. በእስራኤልና በዐረብ ጎረቤቶችዋ መካከል ጦርነት ሆነ። እስራኤልም ሲናን፥ ጋዛን፥ ከዮርዳኖስ በስተ ምዕራብ ያለውን አገር ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ጋር፥ የጎላንንም ከፍታ ያዘች። ከዚህ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም.፥ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፥ 242 የሚል ቍጥር የተሰጠውን ውሳኔ ወሰነ። ረቂቁን ያቀረበችው እንግሊዝ ነበረች። አሥራ አምስቱም አባሎች ተስማሙበት፤ ኢትዮጵያም በዚያ ዘመን የምክር ቤቱ አባል ነበረችና ድምፅዋን ሰጥታበታለች።

በዚህ ውሳኔ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የእስራኤል ጦር በዚያ ጦርነት ከተያዙ ቦታዎች እንዲወጣ ሲናገር «ፍሮም ቴሪቶሪዝ» ይላል እንጂ «ፍሮም ዘ ቴሪቶሪዝ» አይልም። የፈረንሳይኛው ግን «ዴ ቴሪቷር» ይላል፤ በዚያ ቋንቋ «ዴ» «ከ» የሚለውንና የታወቀውን ነገር ምልክት ባንድነት የያዘ ቃል ነው። ስለዚህ ክርክር ተነሣ። በአንድ ወገን ያሉት፥ «ዘ» ሆነ ተብላ ቀርታለችና ከሁሉም ቦታ ይውጣ አልተባለም፥ ድንበሩ በስምምነት ይወሰናል አሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ፥ የፈረንሳይኛው የታወቁትን ቦታዎች ይላል፥ የውሳኔው መግቢያም በጦርነት መሬት ማግኘት የማይገባ መሆኑን ይናገራል፥ ስለዚህ ከሁሉም ይውጣ ማለት ነው አሉ። ሲና በ1971 ዓ.ም. በተደረገው የሰላም ውል መሠረት እስከ 1974 ዓ.ም. ለግብፅ ተመለሰ። ስለ ቀረው ግን ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በዚህ ክርክር ማን እንደሚረታ መናገር የሰዋስው ሥራ አይደለም። ሰዋስው የሚያስተምረው ግን አንድ ነገር አለ። በብዙ ቍጥር በተነገረ ስም ፊት «ዘ» ስትቀር «ከፊሉ» ማለት አይደለም፤ «ሁሉ» ማለትም አይደለም፤ መጠኑን ሳይናገር ይተወዋል ማለት ነው። በትምህርት ቤት ደጅ «ከትምህርት ቤቱ የተዋሱ መጻሕፍት ይመለሱ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ቢለጠፍ «ቡክስ» የሚለው ቃል «ዘ» ባይኖረውም፥ ግማሹን መልሼ ግማሹን ላስቀር የሚል ተማሪ አይሰማም። «ሂ ሪተርንድ ቡክስ» ቢባል ግን፥ መጻሕፍት መለሰ ከማለት በቀር ስንቱን እንደ መለሰና ስንቱን እንዳስቀረ አይታወቅም። ስለዚህ አንባቢው መጠኑን ከነገሩ አካሄድ ይፈልገዋል፤ አካሄዱንም እያንዳንዱ ወደሚጠቅመው ይስበዋል።

ለዕርቅና ለድንበር ነገር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያስተውሉታል። በአማርኛም «ከያዘው መሬት ይልቀቅ» ተብሎ ቢወሰን፥ አንዱ ወገን «የያዘውን ሁሉ ይልቀቅ» ማለት ነው ይላል፥ ሌላው ወገን «ከያዘው ላይ ጥቂት ቀንሶ ይልቀቅ» ማለት ነው ይላል። ሁለቱም ቃሉን አልለወጡም። ጥፋቱ ግልጽ ባለመጻፉ ነው።

8ኛ፤ ለመምህሩ የማስተማሪያ መንገድ

መምህሩ ልጆቹን የሕግ ብዛት በቃል አያስጠናቸው፤ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ ያስለምዳቸው እንጂ። የመጀመሪያው፤ ሰሚው የቱ እንደ ሆነ ያውቃልን? የሚያውቅ ከሆነ «ዘ» ትግባ። ሁለተኛው፤ ነገሩ የተነገረው ስለ ጠቅላላው ነውን? ከሆነ «ዘ» ትቅር። ሦስተኛው፤ የቤት ስም ሲሆን፥ የሚነገረው ስለ ሕንፃው ነውን ወይስ በቤቱ ስለሚደረገው ሥራ? ስለ ሕንፃው ከሆነ «ዘ» ትግባ፥ ስለ ሥራው ከሆነ ትቅር። ከዚህ የተረፈው በልማድ የጸና ስለ ሆነ በንባብ ብዛት ይገኛል።

ለመልመጃ የሚከተሉት በቃል ይጠየቁ። «ልጅቱ በየቀኑ ትምህርት ቤት ትሄዳለች»፤ «ዘ» ትቀራለች፥ ለመማር ነውና። «አናጢው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ»፤ ትገባለች፥ ሕንፃው ነውና። «ወርቅ ውድ ነው»፤ ትቀራለች፥ ስለ ወርቅ ሁሉ ነውና። «ወርቁ ጠፋ»፤ ወርቁ የታወቀው ወርቅ ከሆነ ትገባለች፥ የእርሱ ወርቅ ማለት ከሆነ ግን «ሂዝ» ይባላል። «ጨረቃ ወጣች»፤ ትገባለች፥ ጨረቃ አንዲት ናትና። ልጁ መልሱን ብቻ ቢናገር አይበቃም፤ ምክንያቱንም ይናገር። መልሱን ያለ ምክንያት የያዘ ልጅ በሌላ ዓረፍተ ነገር ይሳሳታል።

በመጨረሻም መምህራንና ሽማግሌዎች ይህን ያስታውሱ። በጭውውት «ዘ» ብትሳሳት ሰሚው ጠይቆ ይረዳል። በውል፥ በመርዶ፥ በመሬት ጽሑፍ ግን ጠያቂው ሩቅ ነው፥ ጸሐፊውም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታላቅ ነገር በትንሽ ቃል ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ጸሐፊው ሁሉን ማለቱ ከሆነ «ሁሉ» ብሎ ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛም ከ«ዘ» በፊት «ኦል» የሚለውን ይጨምር። ከፊሉን ማለቱ ከሆነ የትኛውን ክፍል እንደ ሆነ በስሙና በድንበሩ ይጥቀስ። እንዲህ የጻፈ ሰው ልጆቹን ከክርክር ያድናቸዋል።